የሚያመሰግነው ቦት

እትዬ ብዙነሽ ከቦቱ ጋር ከተኳረፉ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር።

ዮርዳኖስ ይህን ያወቀችው በዕረፍት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ኒም ዛፍ ሥር ከጓደኛዋ ከሰላማዊት ጋር ተቀምጣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ስትጎረጉር ነው። ቦቱን በቴሌግራም ላይ የሠራችው እሷ ነች። የሚላክለትን ሁሉ መዝግቦ እንዲያስቀምጥ ያደረገችውም እሷው ነች። መዝገቡን ግን አንድም ቀን ከፍታ አይታው አታውቅም። ዛሬ ብትከፍተው ከእትዬ ብዙነሽ ብቻ አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት ተደርድሮ ጠበቃት።

«አቦ ክፈቺው እንስማ» አለች ሰላማዊት።

ከፈተችው። ከበስተጀርባ ዶሮ እየተንጫጫ የእትዬ ብዙነሽ ድምፅ ወጣ።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ? ነገ ተራሽ ነው ያሉኝ መልእክት ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ልጅ ካለዎት ያሳድግልዎ። በማለዳ ወርጄ ውሃዬን እቀበላለሁ።»

ከሥሩ የቦቱ መልስ ተጽፏል፤ «እናመሰግናለን። መልካም ቀን።»

ሁለተኛው በማግስቱ የተላከ ነው። «ጌታዬ፣ ቦዩ ድረስ ሄጄ ነበር። ውሃው ሮማን ማሳ ውስጥ ነው ያለው። ተሳስተው ይሆን እንዴ?»

«እናመሰግናለን። መልካም ቀን።»

ስድስተኛው ላይ ተራው ዞሮ ደርሶ እንደገና አምልጧቸዋል፤ ትንፋሻቸውም አጥሯል። «ሽንኩርቴ ጫፉ ቢጫ ሆነ እኮ ነው የምልዎ።»

«እናመሰግናለን። መልካም ቀን።»

የመጨረሻው አጭር ነው። «ስማ። ትልቅ ሰው መስለኸኝ አንቱ ስልህ ከረምኩ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ።»

«እናመሰግናለን። መልካም ቀን።»

ሰላማዊት ሆዷን ይዛ ወደ ጎን ተንጋለለች። «አወረዱት። በቃ፣ ከማዕረጉ አወረዱት።»

ዮርዳኖስም አብራ ትስቅ ነበር። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ሮማን እናቷ ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸዋ ሮቢት ከተማ በባጃጅ ሩብ ሰዓት በማይፈጀው መንደራቸው ስምንት ቤተሰብ ሽንኩርቱንና ማሾውን የሚያጠጣው ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ አንድ ቦይ ነው። ውሃው ለሁሉም ባንዴ አይበቃም፤ ስለዚህ ተራ አለው። ተራውን የሚጠብቅ ደግሞ የውሃ አባት አለው። የውሃ አባቱ የእናቷ ታላቅ ወንድም ጋሼ ጌታቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ አመሻሽ ላይ ቦዩን ተከትለው እየወረዱ ለነገው ባለተራ ሲናገሩ ኖረዋል። ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ አለ።

ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችውና በኮምፒውተር ክበቡ ስሟ የገነነው ዮርዳኖስ «እኔ እያለሁ ለምን ይደክማሉ?» አለችና ቦቱን ሠራች። ቦቱ በየአመሻሹ ለባለተራው «ነገ ተራዎ ነው፤ ይመጣሉ?» ብሎ ይልካል። ባለተራው «እሺ» ይላል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቦቱ በመንደሩ ግሩፕ ላይ «የዛሬው ባለተራ እገሌ» ብሎ ያውጃል። አዋጁ ክብር እንዲኖረው ደግሞ ከሥሩ «በውሃ አባት ትእዛዝ» የሚል ጨመረችበት። ጋሼ ጌታቸው ስልካቸው ቴሌግራም የማይከፍተው ባለ ቁልፉ ዓይነት ስለሆነ ይህን ሁሉ አላዩም። መረቋትና «ቆላ ያሳመመውን ደጋ ያድነዋል» ብለው ጉልበታቸውን ሊያስታምሙ ደብረ ሲና ልጃቸው ዘንድ ወጡ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያ ዕረፍታቸው ነበር።

ኮድ መጻፍ ያስተማራት አዲስ አበባ በፕሮግራመርነት የሚሠራው የአክስቷ ልጅ ዮናስ ነው። ምክሩን እንደ በርበሬ ቆንጥሮ ቆንጥሮ በቴሌግራም ይልክላታል። «አዲስ ነገር ስትሠሪ መጀመሪያ ለራስሽ ላኪ፣ ቀጥሎ ለአንድ ጓደኛ፣ መጨረሻ ላይ ለሕዝብ።» «የቦቱ ቶከን የቤትሽ ቁልፍ ነው፤ ለማንም እንዳታሳዪ።» «ከመነካካትሽ በፊት የሚሠራውን ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ።» እነዚህን ሁሉ ሰምታለች። አንዱን ግን አልሰማችም። «ስህተትን አታፍኚ። ኮድሽ ሲሳሳት ይጩህ። የሚያለቅስ ሕፃን ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።» ይሄኛውን «የፋራ ምክር» ብላ አለፈችው። ሰው ሁሉ በሚያይበት ግሩፕ «ስህተት፣ መስመር አርባ ሁለት» እያለ የሚጮህ ቦት ሼም ነዋ።

ደወሉ ተደወለ። ሰላማዊት አቧራዋን አራግፋ ስትነሳ ዮርዳኖስ ኮዷን ከፍታ መስመር አርባ ሁለት ላይ አፍጥጣ ነበር። በገዛ እጇ የጻፈችው እንዲህ ይላል፤ መልሱ «እሺ» ወይም «ኦኬ» ካልሆነ ዝም ብለህ አመስግን፣ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ስም ውሰድ። የመጀመሪያው ስም ሮማን ነው። ተንኮል አልነበረበትም። ቦቱን የሞከረችው በእናቷ ስልክ ስለነበር ዝርዝሩ ከዚያ ጀመረ፣ እዚያው ቀረ።

መዝገቡን ቁልቁል ወረደችበት። ጋሼ ኸድር «ኢንሻአላህ» ብለዋል፣ ሁለቴ። አንዱ «ልጄን እልካለሁ»፣ አንዷ «ታዲያ የት እንቀራለን፣ እንመጣለን እንጂ»፣ ሌላው ደግሞ የተጣመሩ እጆች ሥዕል ብቻ። በይፋት ምድር አመሻሽ ላይ ለመጣ መልእክተኛ «እሺ» ብቻ ብሎ የሚዘጋ ሰው ካለ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። ዮርዳኖስ ይህን ከተወለደች ጀምሮ ታውቀዋለች። ቦቱን ስትሠራ ግን አላሰበችውም። ከአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ ዘጠኙን የሰው ውሃ ወደ እነሱ ማሳ ገብቷል።

«ተበላሁ» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ቦቱ ያልገባው ቀን ሁሉ ውሃውን ለእማዬ ነው የሚሰጣት።»

ሰላማዊት ትንሽ አሰበች። «ቤተሰቡን የሚወድ ቦት ነዋ።»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዮርዳኖስ በመጀመሪያ ያደረገችው ቦዩ ዳር መቆም ነው። የእናቷ ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ለፎቶ የተሰለፈ ይመስላል። ከጎኑ ያለው የእትዬ ብዙነሽ ሽንኩርት ሰልፉ ላይ የተገኘው በሰው ምልጃ ነው።

እናቷ እግሯን እየታጠበች ነበር። «ዘንድሮ ሰው ውሃ ጠላ እንዴ ዮርዲ? በላይ በላዩ እኔን ይጠሩኛል። አጎትሽ ናቸው መቼም፤ የእህት ነገር።»

ዮርዳኖስ ስልኳን አወጣች። ግሩፑን ከፈተች። የመንደሩ ሰው በጠዋቱ ምርቃት ስለሚያዘንብ ድምፁን ካጠፋችው ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሦስት መቶ አርባ መልእክት ጠበቃት። ከላይ ምርቃት ነው። ወደ ታች ሲወርድ ምርቃቱ እየሳሳ ሄዶ ጥርጣሬ ይሆናል። «ጌታቸው ሃያ ዓመት ጠብቆ ጠብቆ አሁን ወደ እህቱ አዞረው» ይላል አንዱ። የመጨረሻው የማኅበሩ ሊቀመንበር የጻፉት ነው፤ «ቅዳሜ ጠዋት ማንጎው ሥር ስብሰባ አለ። አጀንዳ፣ የውሃ አባትን ስለመቀየር።»

ለዮናስ ጻፈችለት። ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ ኮዱን አያይዛ፣ መጨረሻ ላይ «አሁን ምን ላድርግ?» አለችው።

«መጀመሪያ ቦቱን አቁሚ» ሲል መለሰ። «ሁለተኛ ለሰዎቹ ንገሪ። ሦስተኛ ኮዱን አስተካክይ። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢ።»

«ሁለተኛውን መዝለል አይቻልም?»

«እኔ አንዴ ዘልዬው አውቃለሁ። አሁን የምሠራበት ቦታ ያኔ የምሠራበት አይደለም።»

ቦቱን አቆመች። ሁለተኛው ላይ ቆመች።

ዓርብ ጠዋት ሰላማዊት መፍትሔውን ይዛ መጣች። «ኔትወርክ ነው በያ።»

«ምን?»

«ኔትወርክ ነው፣ አለቀ። ማን ይጠይቅሻል? አጎትሽም ይድናሉ፣ አንቺም ትድኛለሽ፣ ኔትወርክ ደግሞ ለምዶታል።»

ዮርዳኖስ ነገሩን ቀኑን ሙሉ ስታመነዥከው ዋለች። እንከን አልተገኘበትም። ከክፍል እየወጣች ሳለ እንዲያውም አሪፍ ሐሳብ መሰላት።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ጌታቸው ከደብረ ሲና ገቡ። ከአስፋልቱ ወርደው በቀጥታ ወደ እህታቸው ቤት መጡ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ የታመመውን እግራቸውን ዘርግተው፣ በክፍቱ በር ማሳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አምሯል» አሉ።

«አንተ አይደለህ ውሃውን የላክልኝ?» አለች ሮማን። «እግዜር ይስጥህ። በየጠዋቱ እኮ ነው ስሜ የሚጠራው፤ በውሃ አባት ትእዛዝ እየተባለ።»

«እኔ?» አሉ ጋሼ ጌታቸው። ደግመው አልጠየቁም። ወደ ዮርዳኖስ ዞሩ። ዮርዳኖስ በስልኳ መስታወት ላይ ያለውን ስንጥቅ ስትመረምር አገኟት፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ። ጋሼ ጌታቸው ሻያቸውን ጠጥተው፣ «በሉ ደህና እደሩ» ብለው ሄዱ። ሲወጡ ጉልበታቸው ደብረ ሲና ከመሄዳቸው በፊት ከነበረው የባሰ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ፀሐይ ገና ሳትከር ሰው ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አጀንዳውን አነበቡ። አንድ ስለሆነ ቶሎ አለቀ። ጋሼ ኸድር ቆባቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«እኔ በጌታቸው ላይ ክፉ አልናገርም። ሃያ ዓመት ክርስቲያን እስላም ሳይል እኩል አጠጥቶናል። ግን ወላሂ፣ የሮማን ሽንኩርት ከአስፋልቱ ይታያል። የእኔን ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል።»

ሰው ሳቀ። ሮማን አልሳቀችም።

«እኔም ከጌታቸው ጋር ጠብ የለኝም» አሉ እትዬ ብዙነሽ ከተቀመጡበት። «የእኔ ጠብ ከዚያ ከሚያመሰግነው ጋር ነው። ስድብ ብልክለት አመሰገነኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይታመንም።»

ሊቀመንበሩ ጠብ የማይወዱ ሰው ናቸው። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና «እንግዲህ» አሉ፣ «ምናልባት የኔትወርክ ችግር ሊሆን ይችላል።»

ጭንቅላት ሁሉ ተነቃነቀ። እውነት ነው፣ ኔትወርክ በዚያ መንደር ያላጠፋው ጥፋት የለም። የሠርግ ጥሪ አስቀርቷል፣ የፈተና ውጤት አዘግይቷል፣ አንድ ሙሽራ ከእጮኛው ጋር ለወር አኳርፏል። ሰላማዊት ከማንጎው ግንድ ኋላ ሆና ለዮርዳኖስ ዓይኗን ጠቀሰቻት። አሁን መናገር እንኳን አያስፈልግም ነበር። ዝም ማለት ብቻ ይበቃል።

ጋሼ ጌታቸው ግን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ኔትወርክ የምትሉትን እኔ አላውቀውም። ውሃው የተሰጠው በስሜ ነው። ስሜ ካለበት ተጠያቂው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ምረጡ።»

ይህን ብለው ለመቀመጥ ሲሞክሩ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ፤ መሃል ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። የሚቀርባቸው ሰው ክንዳቸውን ሊይዝ ሲነሳ ዮርዳኖስም ተነስታ ተገኘች። መቼ እንደተነሳች ራሷም አላወቀችም።

«ኔትወርኩ ምንም አላደረገም» አለች። ከዚያ ለእውነቱ ስትል «ይሄኛውን» ብላ ጨመረች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«እኔ ነኝ። ቦቱን ስሠራው መልሱ ካልገባህ የመጀመሪያውን ስም ውሰድ ብዬዋለሁ። የመጀመሪያው ስም ደግሞ የእማዬ ነው። ያስተማርኩት «እሺ» የሚለውን ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ «እሺ» አትሉም፤ ትመርቃላችሁ። ጋሼ ኸድር ኢንሻአላህ አሉት፣ አልገባውም። እትዬ ብዙነሽ ዕድሜና ጤና ሰጡት፣ አልገባውም። በውሃ አባት ትእዛዝ የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ምንም አላዘዙም። ደብረ ሲና ነበሩ።»

ቦዩ ውስጥ ውሃው ሲሄድ ተሰማ። ማንም እስካሁን አልሰማውም ነበር።

«ቆይ» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ያን ሁሉ ምርቃት ታዲያ ማን ሰማው?»

«እኔ። ሐሙስ ዕለት አሥራ አንዱንም ሰምቻቸዋለሁ።»

«ስድቡንም?»

«ስድቡንም።»

እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «በይ አሜን በይ እንግዲህ፤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር።»

«አሜን» አለች ዮርዳኖስ።

ሰው እንደገና ሳቀ፤ የዚህኛው ሳቅ ግን ትከሻ የሚያላላ ነበር። የሮማን ፊት አልላላም። ልጇን በዓይኗ ገርምማ ስታበቃ ወደ ሰዉ ዞረች። «የሰው ውሃ ስጠጣ መክረሜን አላወቅሁም። የሚቀጥሉት ሁለት ተራዎቼ አንዱ የኸድር፣ አንዱ የብዙነሽ ነው። የቀረውን ደግሞ ጌታቸው ያውቃል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤት እንገናኛለን» አለቻት። ይሄ ለልጇ ነው።

ጋሼ ኸድር አሁንም እንደቆሙ ናቸው። «አንድ ጥያቄ አለኝ ልጄ። ቦትሽ ያልገባው እንደሆነ አመስግኖ ለእናትሽ ይሰጣል። እሺ። ታዲያ ለማን መስጠት ነበረበት?»

ዮርዳኖስ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን አስባ አታውቅም፤ ያሰበችው ስለ ራሷ ነበር። «ለማንም» አለች በመጨረሻ። «አልገባኝም ማለት ነበረበት። ጋሼን መጠየቅ።»

የውሃ አባት አልተቀየረም። ቦቱም አልተባረረም። ሊቀመንበሩ «በጋሼ ጌታቸው ሥር ሆኖ ይለማመድ» ብለው በቃለ ጉባኤ አስጻፉት። በዚያ ቦይ ታሪክ የመጀመሪያው ተለማማጅ ሳይሆን አልቀረም።

እሑድ ከቀትር በኋላ ዮርዳኖስ ደብተር ይዛ ከአጎቷ ጋር ቦዩን ወረደች። ጋሼ ጌታቸው በእያንዳንዱ ማሳ ጫፍ እየቆሙ ጉልበታቸውን ያሳርፋሉ፤ እሷ ትጽፋለች። ጋሼ ኸድር ዓርብ ከደረሳቸው ጁምዓ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እትዬ ብዙነሽ ይይዙላቸዋል፤ እሑድ እሳቸው ይመልሳሉ። የታችኛው ማሳ አሸዋ ስለሆነ አንድ ሰዓት ይጨመርለታል። ሐዘን የተቀመጠ ቤት ሳይጠይቅ ይቀድማል። ዮርዳኖስ አራት ገጽ ሞላች፤ አብዛኛው በኮድ ሊጻፍ የሚችል ነው።

የመጨረሻው ማሳ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ጌታቸው ቆሙ። ማሾው ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል።

«የማን ነው?»

«የእማማ መሪያም።»

ዮርዳኖስ ስልኳን አወጣች። «የእሳቸውማ ትክክል ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «እሺ» ብለዋል፤ ተመዝግቧል።»

«በየትኛው ስልክ?»

«ይሄ ነው ያሉኝ።» ቁጥሩን አነበበችላቸው።

«እሱ የልጃቸው ነው» አሉ ጋሼ ጌታቸው። «ሳዑዲ ከሄደ ዓመት ሊሆነው ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ የጠየቁትን እሺ ይላል። እማማ መሪያም ራሳቸው ስልክ የላቸውም።» ከዚያም «እኔ አጥራቸው ላይ እጣራ ነበር» አሉ።

ከመዝገቡ ሁሉ አንድም ስህተት ያልነበረበት ስም ይሄ ነበር። ዮርዳኖስ ዝርዝሩን ከፈተች። ሰባተኛው መስመር ላይ መሪያም ይላል። ከዚያ ስሙን ከቦቱ አወጣችውና ደብተሯ ላይ፣ በራሷ የትምህርት ሰዓት ሠንጠረዥ ሥር ጻፈችው።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የደብተር ቦርሳዋን አንግታ፣ የታችኛው አጥር ሥር ቆመች። መንገዱ ካሰበችው በላይ ረጅም ነው። እንዴት እንደሚጣሩ አላሰበችበትም ነበርና መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። ሁለተኛውን ጠንከር አደረገችው።

«እማማ መሪያም።»

በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። «ማን ነው በጠዋት?»

«ውሃ ነው። ዛሬ ተራዎ ነው።»

እማማ መሪያም ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉና በአጥሩ ክፍተት ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። የስብሰባው ወሬ እሳቸውም ጋ ደርሶ ኖሯል።

«ቦት የሚሉት አንቺ ነሽ?»

ዮርዳኖስ አሰበችበት። ለማስረዳት ብትሞክር ትምህርት ይጀመርባታል።

«አዎ እማማ» አለች፤ ቦርሳዋን አጥሩ ላይ ሰቅላ የቦዩን በር ልትከፍትላቸው ጫማዋን አወለቀች።